የአቶ ኦርኬስትራ ግራ እጅ

በየሠርጉ፣ ብቻውን ሙሉ ባንድ የሆነ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ ክቡር አቶ ኦርኬስትራ ይባላሉ። ግራ እጃቸው ኮርድ በነካ ቁጥር፣ በኪቦርዱ ሆድ ውስጥ የተኙት ከበሮ መቺ፣ ቤዝ ተጫዋችና ጊታሪስት ብድግ ብለው ይከተሏቸዋል። «ልጆቼ ናቸው፤ አያረፍዱም፣ አይሰክሩም፣ አያኮርፉም» ይላሉ።

ለሁሉም ማሽኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት፣ «ስታይል» የሚሉት፣ አላቸው። ሙሽራ ስትገባ ቫልስ፣ አማት ስታለቅስ ቦሌሮ። አንዴ የሙሽራው አባት ንግግር ቢያረዝሙ፣ ማርሽ ለቀውባቸው ሰውየው ሳያስቡት እየተራመዱ ወንበራቸው ላይ ደርሰዋል።

ከምት የወጣ ዘፋኝ ግን ወዮለት! «ልጆቼ አንካሳ አይጠብቁም!» ይሉታል፣ ያውም በማይክራፎን። ከዚህ ስድብ የተረፈች አንዲት ዘፋኝ ብቻ ናት፤ ታላቅ እኅታቸው።

ባለፈው ክረምት እሷን ስትሮክ መታት። ግማሽ ጎኗ ዛለ፣ አንደበቷ ተዘጋ። ሐኪሙ፣ «ቃል የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዜማ ይቀርለታል፤ ሞክሩ» አለ። ክቡርነታቸው ኪቦርዱን ተሸክመው መኝታ ቤቷ ሲገቡ ማዕረጉ በር ላይ ቀረ። እዚያ ውስጥ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው።

«እታለም፣ ባንዱን በሙሉ ይዤልሽ መጣሁ» አላት።

ቦሌሮ ሞከረ፤ ዐይኗን ጨፈነች። ቫልስ ሞከረ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ማርሽ ሲጀምር ልጇ ከበሩ ላይ፣ «አጎቴ፣ እማዬን ልታዘምታት ነው እንዴ?» አለችው።

ተስፋ ቆርጦ እጁን አነሳ። ማሽኑ ግን የመጨረሻውን ኮርድ ይዞ ብቻውን ቀጠለ። ይሄኔ ከእታለም ጉሮሮ ቀጭን ዜማ ወጣ፤ ቃል የሌለው፣ ድሮ አብረው የሚጫወቱት። ዜማው አነከሰ። ከበሮው ጥሏት ሄደ። ደንግጣ ዝም አለች፤ እንባዋ በጤነኛው ጉንጯ ወረደ።

ከበሮውን አጠፋው። ቤዙን አጠፋው፤ ጊታሩንም። እንደ ትንፋሽ የሳሳ የቫዮሊን ድምፅ ብቻ አስቀረ።

«እንደገና በይ፣ እታለሜ።»

ሁለት ኖታ አለችና ቆመች።

«አጎቴ፣» አለች ልጇ በሹክሹክታ፣ «ምቱ ጠፋ እኮ።»

«አልጠፋም፤ እየመጣ ነው» አላት። ኮርዱንም ከሥሯ እንደ ክንድ ዘርግቶ፣ እኅቱ ለሦስተኛው ኖታ ትንፋሽ እስክትሰበስብ ጠበቃት።