ለሚወድቀው ሰውዬ

ዛሬ ድምፅ አልባ ፊልም በድምፅ አሳየሁ። ድምፁ የኔ ነበር።

ደክሞኛል፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ስሙት።

እዚህ ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ውስጥ የፊልም ክበብ አለ። የሚታየውን ፊልም የሚመርጡት አምስት ተማሪዎች ናቸው። ዘንድሮ ለአንደኛ ዓመት አንድ ቦታ ተከፈተ። ከጥንቶቹ ጥቁርና ነጭ ኮሜዲዎች የምትወዱትን አንዱን ታሳያላችሁ፤ ተመልካቹን ካሳቀ ገባችሁ።

ያቺን ቦታ እንዴት እንደፈለግኳት አትጠይቁኝ። ከመርሳ ከመጣሁ ወዲህ "እኔም አለሁ" ያልኩበት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ሃያ ሁለት ፊልም በስልኬ አይቼ ደረጃ አወጣሁላቸው። አንደኛ የወጣው መሰላል ተሸክሞ ከተማ የሚዞር ቀለም ቀቢ ነው። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰባት!

ከሰዓት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ክፍሉ ሞላ። "በጣም ያስቃል" ብዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሰውዬው ገና የአንድ ቤት ደረጃ ላይ ሲንሸራተት፦

"እኔን!"

ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ሁሉም ወደኔ ዞሯል።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሲደናቀፍ አይቶ ዝም የሚል ልጅ እኛ ሰፈር አላደገም። እናቴማ መንገድ ተሻግራ ሄዳ ነው "እኔን" የምትለው።

አፌን በሂጃቤ ጫፍ ያዝኩ። መሰላሉ ሲዞርበት "ቢስሚላህ" አመለጠኝ። ባልዲው ራሱ ላይ ሲወርድ "እኔን ድፍት ያርገኝ፣ ተጎዳህ?" አልኩት።

ጠየቅኩት። ከሞተ ስንት ዘመኑ የሆነውን ሰውዬ!

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙን የሚያይ ግን አልነበረም።

የዶርም ጓደኛዬ ዘሃራ ጎንበስ ብላ "ዶርምም እንዲህ ነሽ እኮ" አለችኝ። "ስልክ የምታወሪ መስሎኝ ነበር።"

መብራት በራ። የክበቡ ሰብሳቢ ሰይድ ዓይኑን እየጠረገ ተነሳ። "እህቴ፣ ኮሜዲ ልታሳዪን ነው ወይስ ለቅሶ ልታስደርሺን የጠራሽን?"

ከኋላ አንዷ "ተዋት ባክህ፣ ዘመዷ ቢሆንስ" አለች።

ሰይድ ግን ክፉ ልጅ አይደለም። ሳቁ ሲበርድ "እስቲ በሐቅ ንገሪን፤ አንቺን የሚያስቅሽ የቱ ጋ ነው?" አለኝ።

አሰብኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቤ ዞርኩት። አንድም ቦታ አጣሁ።

"ሲነሳ ደስ ይለኛል" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። በዚህኛው እንኳ ቢስቁ ምን ነበረበት?

ቦታው ከሐራ ለመጣ አንድ ልጅ ተሰጠ። ሰው ሲወድቅ የሚስቅ ልጅ ነው፤ ጤነኛ።

እኔ ለካ ደረጃ ስሰጥ የከረምኩት በሳቅ ሳይሆን በጭንቀት ኖሯል። ይበልጥ ያሳሰበኝን ሰውዬ አንደኛ አወጣሁት። ይህን ለማወቅ ሃምሳ ሰው መሰብሰብ ነበረብኝ?

ለማንኛውም፣ ግቢያችን ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ይጻፍልኝ። እዚያ የምገባ ይመስለኛል።