የክቡር እጩ ስልክ

ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ስልኩን ከደረት ኪሱ ያወጣል፤ መስታወቱን በኮቱ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አድርጎ እፊቱ ይይዘውና «እስቲ አንዴ ደውይልኝ» ይላል። እደውላለሁ። ስልኩ ይጮሃል። «ይሠራል» ብሎ ይዘጋውና ወደ ታክሲ ተራው ይወርዳል።

ስልኩ በየቀኑ እንዲህ የሚመረመረው ባንክ ሊደውል ስለሚችል ነው።

በየኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ቢያንስ አንድ ባንክ ሊገባ የደረሰ ልጅ አለ። እናንተ ጋ ከሌለ፣ ወይ የምትኖሩት ቪላ ውስጥ ነው፣ ወይ ልጁ ራሳችሁ ናችሁ። የጀሞው የእኛ ብሎክ በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ ክቡር እጩ ጸጋአብ አለን። የእትዬ አማከለች አንድ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር የተማረ። በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል ለመቀጠር ያልተፈተነበት ባንክ ካለ፣ ያ ባንክ ገና አልተከፈተም። «እጩ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠው አባቴ ነበር። «ክቡር» የሚለውን ሰፈሩ ከራሱ ጨመረበት።

ክቡር እጩ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ የሚለብሱት አንድ ግራጫ ሱፍ አላቸው። ጓደኛቸው ሲያገባ ሚዜ ሆነው ያሰፉት ነው። ሙሽራው ልጅ ወልዶ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል፤ ሱፉ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው።

ደሞዝ በወጣ ሰሞን መንገዱ ዳር ያለው የገንዘብ ማሽን ይቆማል። ጥበቃው ብቅ ብሎ «ሲስተም የለም» ሲል፣ ሌላው ሰው ተንፍሶ ይበተናል። እጩውን ግን ይህ ቃል ያመዋል።

«ሲስተሙማ አለ!» ይላል ወደ ሰልፉ ዞሮ። «ሲስተሙ ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሏል፣ ደህና ነው። የተቋረጠው መስመሩ ነው። እሱም ቢሆን መጠባበቂያ ሳይዘረጋ የተኛ ሰው ጥፋት ነው። ኔትወርክ የሰነፍ ሰበብ ነው!»

አንድ ቀን ዘንቢል የያዙ ሴትዮ በአክብሮት አዩትና «የኔ ልጅ፣ ባንክ ነው የምትሠራው?» አሉት።

«ሂደት ላይ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ሂደትህን ጨርስና መጥተህ ሥራው!» አለው ጥበቃው። ሰልፉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ እስከ ብሎካችን ድረስ ስለ መጠባበቂያ መስመር እያስረዳኝ መጣ። «ኔትወርክ የሰነፍ ሰበብ ነው» የሚለውን አባባሉን ግን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

አባቴ ከበበው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቀኑን ሙሉ የብሎኩ መግቢያ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ የወጣ የገባውን ሁሉ ይቆጣጠራል። እጩው ስልኩን ማስመርመር የጀመረው በእሱ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይደውሉልኝ» ይለዋል። አባቴ መነጽሩን ፈልጎ፣ ቁልፉን በጣቱ ተጭኖ ይደውላል። ስልኩ ሲጮህ «ስልኩስ ደህና ነው፤ ጉድለቱ ከባለቤቱ ነው» ይላል። እጩው ተናዶ ሲሄድ ደግሞ ከኋላው «አይዞህ፣ አንተ ልጅ!» ብሎ ይጮህበታል። በማግስቱም ያው ነው።

ከፈተና ሲመለስም የመጀመሪያው ጠያቂ አባቴ ነበር። ባንኮቹ የሚፈትኑት ትምህርት ቤት ተከራይተው ነው። ከጎፋውም፣ ከነፋስ ስልኩም፣ ከክፍለ ሀገሩም የመጣ ተመራቂ የሕፃናት ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል።

«እህ፣ ምን ጠየቁህ?»

«አንበሳ ለጫካ እንደሆነ መርከብ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ።»

«ስለ ኮምፒውተርስ?»

«ስለ ኮምፒውተር አልጠየቁም።»

«እና ምን አልክ?»

«ለባሕር።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ባንኩ መርከብም አለው እንዴ?»

የመጀመሪያ ቃለ መጠይቁ ላይ «ለምን የእኛን ባንክ መረጥክ?» ብለውት «ማስታወቂያ ስላወጣችሁ» አለ። እውነቱን በመናገሩ አልተጠራም። ከዚያ ወዲህ ለሚያስጠናቸው ልጆች ሁሉ «ራእያችሁ ስለማረከኝ ነው በሉ፤ ስትሉም ጠረጴዛውን አትዩ» እያለ ይመክራል። አዎ፣ ያስጠናል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፎ፣ ከአጎራባች ብሎክ ሳይቀር ለሚመጡ ተመራቂዎች ስለ ሰርቨርና ስለ ሞባይል ባንኪንግ በወረቀት እየሣለ ያስረዳል። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተቀጠሩ። ጠዋት እሱ ታክሲ ሲጋፋ እነሱ ከባንክ ሰርቪስ መስኮት እጃቸውን ያወዛውዙለታል። «የኔ ልጆች ናቸው» ይላል አጠገቡ ለተሰለፈ ሰው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡታል።

ነገሩ ሁሉ ግን ቀልድ አይደለም። ልምድ የማይጠይቀው የጁኒየር ቦታ የሚፈልገው በቅርብ ዓመታት የተመረቀ ሰው ነው። ዓመት በተለወጠ ቁጥር ማስታወቂያው ከሥር አንድ ዓመት ይቆርጣል። ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ የሚገኘው ከተቀጠሩ በኋላ ነው። ሰው በዚህ መሐል ሳይሸሽ ሳይደበቅ ጊዜው ያልፍበታል። አምና ክረምት ላይ የጸጋአብ የምረቃ ዓመት መጨረሻው መስመር ላይ ነበረች፤ መስከረም ሲጠባ ትወድቃለች። እናቱ ይህን ያውቁ ነበር። እትዬ አማከለች የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ማታ ሲመለሱ ጉልበታቸውን እያባበሉ ነው አራተኛ ፎቅ የሚደርሱት። «እሱ ሥራ ሲገባ እኔ ከሥራ እወጣለሁ» ይሉ ነበር፣ ደረጃው መሐል ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ።

በዚያው ክረምት ፈተናውን አለፈ። የጽሑፉንም፣ የቃሉንም። «ውጤቱ ሲጸድቅ እንደውልልሃለን፤ ስልክህን እንዳትዘጋ» አሉት። ለእሱ እንዲህ ማለት ለአሣ «ውሃ ውስጥ ቆይ» እንደማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ደወሉ። ደጋግመው ደወሉ፤ አላገኙትም። ሰኞ ሥራ የሚጀምር ሰው ይፈልጉ ነበርና ተጠባባቂውን ጠሩ። ተጠባባቂው ሃሩን ነበር፤ ደረጃው ላይ፣ ካርቶኑ ላይ የተጠና ሃሩን።

ሃሩን የማን ቦታ እንደተሰጠው ሲሰማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ከታች ሆነን ሰማን።

«ወላሂ ጸጌ፣ ያንተ ቦታ መሆኑን ባውቅ…»

«ብታውቅስ? ልትተውልኝ ነበር?»

ሃሩን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው አትዋሽ። ይልቅ ክራባት አለህ?»

ሃሩን ክራባት ይዞ ወረደ። እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ሰፈሩ ለስንት ቀን አጣራ። «ተኝቶ ነው» ያለ አለ። «ቻርጅ ጨርሶ ነው» ያለ አለ። «ሰው ቀንቶበት ነው እንጂ ያ ስልክ ተዘግቶ ያውቃል?» ያለም አለ። ክቡር እጩ ለሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ኔትወርክ አልነበረም።» በዚህ ከተማ ይህን መልስ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ አለፈ። እትዬ አማከለችም አመኑ። ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ ማዶ ካለው ሕንጻ ጣሪያ ላይ የተተከለውን የኔትወርክ ማማ ቀና ብለው ያዩታል። «አንድ ቀን ብትችል ምን ነበረበት!» ይሉታል፣ ለሰው እንደሚናገሩ። ጽዳቱን አልተዉም።

መስከረም ጠባ። ዓመቲቱ ወደቀች። ጸጋአብ አሁን ጎፋ አንድ ስልክ መጠገኛ ቤት ውስጥ ይውላል። ሱፉ ገላጣ ሆኗል፤ ግን ይለብሰዋል። ልምድ ለሚጠይቁትም ቦታዎች ያመለክታል። ጠዋት ደጃችን ላይ ይቆማል፤ የአባቴ ወንበር የነበረበት ቦታ ላይ እኔ እቆማለሁ። የምደውለው በአባቴ ስልክ ነው። መስታወቱ ላይ «ጋሽ ከበበው» የሚል ጽሑፍ ይበራል። ስሙን አልለወጠውም፤ እኔም ለውጠው ብዬው አላውቅም።

ስለ አንተ ልጻፍ ስለው ጥቂት ተኩራራ። «ሱፉን ጻፊ፣ መርከቡንም ጻፊ» አለኝ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስለዚያ ቀን ግን ኔትወርክ አልነበረም በይ። ሌላውን ተይው።»

«ለምን?»

«እማዬ ከሰማች ጋሼን ትቀየማለች። የሞተ ሰው ላይ ቂም ደስ አይልም።»

እኔ ሰው የለመነኝን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ይሁን እንጂ ማማው በየቀኑ ሲረገም ስሰማ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባቴ ደግሞ በሕይወት ሳለ ከእትዬ አማከለች ጋር ሳይነታረክ ውሎ አያውቅም፤ ቂማቸውን ይችለዋል።

ያ ቀን የአባቴ የቀብር ቀን ነበር። የዕድሩን ድንኳን ከተከሉት አንዱ ጸጋአብ ነው። አስከሬኑ ሊነሳ ሲል ሱፉን እንደለበሰ ስልኩን አወጣ፤ በእጅጌው ጠረገው፤ «ዛሬ ማን ይደውልልኛል» አለና ቁልፉን ተጭኖ እስኪጨልም ያዘው። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ በር ላይ ጆግ ይዞ እጅ የሚያስታጥበው እሱ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስልኩን ከፈተው። የተደወለለትን የሚነግሩ መልእክቶች ተከታትለው ጮኹ። አነበበ። መልሶ ኪሱ ከተተውና ውሃውን እጄ ላይ አፈሰሰ፤ ጆጉ ባዶ እስኪሆን አላቆመም።

ኔትወርኩ በዚያ ቀን ደህና ነበር። ስልኩን ያጠፋው ራሱ ጸጋአብ ነው፤ አባቴን ሊሸከም።