ከጥጆች በኋላ፣ ከአህዮች በፊት

ባል የሚባል ፍጥረት የዕቁብ ገንዘብ ይዞ ብቻውን ገበያ መውጣት የለበትም! አዎ፣ አንተን ነው ወንድሜ፤ ጋዜጣውን አጥፈህ ወደ ጎን አትይ። ሴቶቹማ ከኔ ጋር እንደሚስማሙ ከወዲሁ አውቃለሁ። ሚስት ያዘዘችውን ትቶ ራሱ ያማረውን ተሸክሞ የገባ ባል አንተ ብቻ አይደለህም... እኔም አለሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እዚሁ ነገሌ አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሎኮ የክሊኒክ ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ዕቁብ ደረሰን። ሎኮ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረች፤

"ሮቶ ግዛ!"

ሮቶ ያቺ ጥቁሯ የውኃ ማጠራቀሚያ ናት። ቧንቧው ሲመጣ ትሞላታለህ፣ ሲጠፋ ትኖርባታለህ። በኛ ቆላ አገር ሮቶ የሌለው ሰው ከጎረቤት ጋር መዋደድ አይችልም፤ ገና በሩን ስታንኳኳ "ደግሞ ጀሪካኑን ይዞ መጣ" ይሉሃል። እና ሮቶ ልገዛ ወጣሁ። በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ሮቶ ልገዛ ነበር የወጣሁት!

ሮቶ ከሚሸጥበት ሱቅ አጠገብ ግን የጀማል ኤሌክትሮኒክስ አለ።

"ቲቸር!" አለኝ ጀማል ከደጃፉ ላይ ሆኖ። "እናንተ ቤት እስካሁን በዲሽ ነው የምታዩት?"

አነጋገሩ "እስካሁን በኩራዝ ነው የምታነቡት?" ዓይነት ነው። አፈርኩ።

"ታዲያ በምን እንይ?"

"በኢንተርኔት ነዋ! ስትሪሚንግ! የፈለግከውን፣ በፈለግክበት ሰዓት!"

ከዚያ መደርደሪያውን ከፈተልኝ። ስማርት ቲቪ አለ፣ ራሱ የሚያስብ። ስቲክ የሚሏት አለች፣ መፋቂያ የምታክል፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትሰካለች። ቦክስ አለ፣ ያልተማረውን ቴሌቪዥንህን የሚያስተምርልህ። ቦክሱ ከሞያሌ በኩል የመጣ ነው፤ ሪሞቱ ላይ ያሉት ቁልፎች ብዛት የትምህርት ቤታችንን ተማሪዎች ያህላል።

"የቱ ይሻለኛል?"

"እንደ ሰውዬው ነው" አለኝ ጀማል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። "አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አንተን የሚመጥንህ ቦክስ ነው።"

አያችሁ ልጁን? የተማርክ ሰው ነህ ከተባለ በኋላ ማን ሮቶ ይገዛል? ቦክሱን ገዛሁ። የተረፈው ለኢንተርኔቱ መሣሪያና ለወሩ ክፍያ ሄደ። ጀማል ደስ ብሎት እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

ሎኮ የካርቶኑን መጠን አየችና "ሮቶዋ ታጥፋ ነው የምትሸጠው?" አለችኝ።

አስረዳኋት። የዓለም ፊልም፣ የዓለም ዜና፣ መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ ሁሉም እዚህች ሣጥን ውስጥ እንዳለ፤ ከእንግዲህ ዲሽ የሚባል ነገር እንደማያስፈልገን። አዳመጠችኝና "ውኃስ አለባት?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ለማየት የተቀመጥን ዕለት ሣጥኒቱ የፊልሙን ዓይነት ደረደረችልን። ይኼን ልክፈት ስል ያኛው ይሻላል፣ ያኛውን ስል ከሥሩ ሌላ ይመጣል... መርጬ ስጨርስ ሎኮ እንቅልፍ ወስዷታል፣ እኔም የሚታይ ነገር የማየት ፍላጎቴ አልቋል።

ያም ሆኖ ደስታዬ ልክ ስላልነበረው በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዲሹን አወረድኩት። ትልቁን፣ የድሮውን የብረት ዲሽ! ስንት ዘመን ያገለገለንን ዲሽ ግቢ ውስጥ ጣልኩት። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለውን ተረት ለልጆች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማስተማርና መማር ለየቅል ነው።

በዚያው ሰሞን አማቴ ኦቦ ጉዮ ለገበያ መጡና ቤታችን ጎራ አሉ። ኦቦ ጉዮ የሎኮ አባት ናቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት የሚያረቡ ቦረና። በአካባቢያቸው ኤላ፣ ማለትም በጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ የማጠጣቱን ተራ የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ አባ ሄሬጋ ይባላሉ። የማን ከብት መቼ ይጠጣል፣ የማን ይቀድማል... እሳቸው ያሉት አይፈርስም። ዲሹን በዱላቸው ኳ ኳ አድርገው ዞሩት።

"ሶዳ" አሉኝ፤ አማቾች እንዲህ ነው የምንጠራራው። "ይኼ ምን ይሠራል?"

"ከእንግዲህ ምንም አይሠራም፣ አባቴ።"

"ምንም?"

"ምንም! ከፈለጉት ይውሰዱት!"

አይሱዙ ላይ አስጭነው ወሰዱት። እኔም አማቴን በስጦታ አስደሰትኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሎኮ አንድ የቆየ ቁስል አለባት። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፣ ስትዘምርም ሰምተዋት አያውቁም። መዘምራን ውስጥ የገባች ጊዜ ልትነግራቸው ሄዳ ነበር። ኤላ ውስጥ ውኃ የሚቀዱት ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ነው የሚቀዱት፤ ዜማው ከላላ ክንዱም ይላላል። ስለዚህ ኦቦ ጉዮ ዜማ ሲባል የሚያውቁት አንድ መለኪያ ነው።

"ያንቺ ዜማ ውኃ ያወጣል?" ብለው ጠየቋት። የምራቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሎኮ ስለ መዝሙር አንስታላቸው አታውቅም።

እንግዲህ ምን ሆነ መሰላችሁ? መዘምራኑ ክብረ መንግሥት በአንድ ጉባኤ ላይ ሲዘምሩ ተቀርጸው ኖሮ፣ መዝሙሩ እሁድ ከሰዓት በኋላ በመዝሙር ጣቢያው ይተላለፋል ብለው ደወሉላት። በኦሮምኛ የሚዘመረውን ሶሎ የያዘችው ደግሞ ሎኮ ናት! ስልኩን እንደዘጋች እጄን ያዘች።

"አባቴ ያየኛል" አለች። "ቤተ ክርስቲያን ባይገባ ቴሌቪዥን እንቢ አይልም። አምጥተን እዚህ እናስቀምጠዋለን፤ ይሰማኛል!"

"ይሰሙሻል!" አልኩ በኩራት፣ ሪሞቱን እያነሳሁ። "ይኸው፣ ጣቢያው እዚህ አለ።"

ጣቢያው አለ። ግን አንዲት ክብ መጣችና መዞር ጀመረች። ዞረች... ዞረች... ሰባኪው እጁን እንዳነሳ ቀረ። አፉን እንደከፈተ ቀረ። ውኃ አፍልተን፣ በልተን፣ ዕቃ አጥበን ስንመለስ "ሃ" ያለውን "ሌ" ብሎ አልጨረሰውም። በማግስቱም ያው፣ በሠልስቱም ያው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ሎኮ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ዲሹ የት አለ?" አለች ቀስ ብላ።

ጀማል ዘንድ ሮጥኩ። "ዲሽ አልቋል ቲቸር፤ ከሻሸመኔ እስኪመጣ ከእሁድ ያልፋል" አለኝ። ቦክሱን ሲሸጥልኝ ዲሽ ኋላ ቀር ነበር፤ አሁን እንደ ስኳር ተወዷል።

ያለኝ ምርጫ አማቴን መለመን ብቻ ነው። የሰጠሁትን ስጦታ ይመልሱልኝ ማለት... አማትን! ወጥቼ ሄድኩ። ኤላው ዘንድ ደረስኩ። ኦቦ ጉዮ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ናጋ?" "ናጋ።" "ሎን ናጋ?" "ናጋ።" ሰላም ነው? ከብቱስ? መባባላችን ነው። ሣሩን፣ ዝናቡን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ተጠያየቅን፤ እዚያ አገር ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ቤቱ ተቃጥሎበት ነው። እኔ ግን ዓይኔ ከዲሹ ላይ አልተነሳም። የመሐሉን ቀዳዳ በጭቃ ደፍነውታል። ውኃ ሞልቶታል። ጥጆች ከበውት እየጠጡ ነው፣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ።

"አባቴ፣ ያ ዲሽ..."

"እህ! ጥሩ ዕቃ ነው" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ጥልቅ አይደለም፣ ጥጃ አይሰምጥበትም። እግዜር ይስጥህ።"

"ለእሁድ ብቻ ባገኘው ብዬ ነበር... ሎኮ በቴሌቪዥን ልትወጣ ነው። እርስዎንም ወደ ከተማ ልንወስድዎት..."

ኦቦ ጉዮ ጥጆቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሩ።

"ሶዳ፣ የበጋ ውኃ በእጄ ነው። ተራ ትቼ ከተማ አልገባም። ዕቃውም ለጥጃ ተሰጥቷል። ለጥጃ የተሰጠ ገንዳ ከወሰድክ ጥጃው በምን ይጠጣ? በቆብህ?"

ኮረብታ ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ፈልጌ ለሎኮ ደወልኩ። ነገርኳት። የሚያስለቅሳት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን "በቃ፣ ዲሹ ካልመጣ ቴሌቪዥኑ ይሂዳ!" አለች። "የመዘምራኑ ጀነሬተር አለ። አንተ ብቻ አባቴ ዘንድ ለዲሹ ተራ ያዝ።"

ተራ ያዝኩ። አባ ሄሬጋው አማቴ አስበው አስበው ወሰኑልኝ፤ ከጥጆች በኋላ፣ ከአህዮች በፊት። አትሳቁ! ከአህያ መቅደም ቀላል ነገር አይደለም፤ የአህዮቹ ባለቤት ቅር ብሎት ነበር።

እሁድ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ የድሮውን ሪሲቨር ከነገመዱና ጀነሬተሩን ጭነን ደረስን። ጥጆቹ ጠጥተው ሲያበቁ ዲሹን ደፋሁ፣ ጭቃውን አነሳሁ፣ አደረቅሁ፣ ድንጋይ አስደግፌ ወደ ሰማይ አዞርኩት። እኔ አዞራለሁ፣ መንደሩ በሙሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይጮሃል።

"ዹፌ! ዹፌ!" መጣ ማለታቸው ነው።

"ተወው እንዳትነካው!" ትላለች ሎኮ።

"በዴ!" ጠፋ።

"ወደ ግራ! አንተ፣ ግራህን አታውቅም እንዴ?"

ላቤ ጠብ እስኪል ከታገልኩ በኋላ ያዘ። ጥርት ብሎ ያዘ! የሎኮ መዘምራን ብቅ አሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጋውን ለብሰው።

"የትኛዋ ናት?" አሉ ኦቦ ጉዮ፣ አንገታቸውን አስግገው።

"ከኋላ ነኝ አባ! አሁን ወደ ፊት እወጣለሁ፣ አሁን!" ሎኮ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ማይኩን ስትቀበል አየናት። አፏን ከፈተች...

ድው!

ቴሌቪዥኑ ላይ ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ዘወር ብል አንዲት ቀይ ጥጃ፣ ስትጠጣ ያልጠገበች መሆን አለባት፣ ገንዳዋ ቆሞ ብታገኘው በግንባሯ ገፍታ እየላሰችው ነው! ሪሞቱን እንደያዝኩ ዘለልኩ። ተናድጄ ይሁን ግራ ተጋብቼ አላውቅም፣ ሪሞቱን ወደ ጥጃዋ አነጣጥሬ ስጫን ራሴን አገኘሁት። እምቢ አለች። እጄን አነሳሁ።

"ሶዳ!" የኦቦ ጉዮ ዱላ ደረቴ ላይ ተጋደመ። "የተጠማ ከብት ገንዳው ላይ አይመታም!"

በአማት ላይ ምን ይባላል? ዲሹን ራሳቸው አስተኙት፣ ጭቃውን መለሱ፣ ውኃ አስቀዱለት። ጥጃዋ ተመቻችታ ጠጣች። እንደ ሰው ዋጥ፣ ቆም፣ ዙሪያዋን ቃኘት... መዝሙሩማ የት ተጠብቆ! ሎኮን ማየት አቃተኝ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር። አንጀቴን በላችኝ፤ ያቺን ሣጥን በገዛሁባት እጄ አፈርኩ።

"ምን ልትይ ነበር?" አሉ ኦቦ ጉዮ ልጃቸውን።

"መዝሙር ነበር፣ አባ።"

"አንቺ እዚህ አይደለሽ እንዴ? በይው እንግዲህ።"

ሎኮ ተነሳች። ጀነሬተሩን ራሷ አጠፋችው። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። በመጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወጣ። እኔ እንኳ እንዲህ ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም። ኤላው ውስጥ ያሉት ጎረምሶች የራሳቸውን ዜማ አቆሙ። ቀጥሎ ከጉድጓዱ ሥር አንዱ በእሷ ዜማ ባልዲ ወረወረ። ከላይ ያለው ቀለበ። ሌላው ተከተለ። እሷ ስትዘምር ባልዲው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል... ገንዳው መሙላት ጀመረ። ኦቦ ጉዮ ወደ ውኃው አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ።

"ያወጣል" አሉ።

ሎኮ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት፤ አህዮቹም ተራቸው ስላለፈ ማናፋት ጀመሩ።

ስንመለስ ቴሌቪዥኑን ታቅፌ ሎኮ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ፊቷ ፈክቷል። ይቅር ብላኛለች ብዬ እፎይ አልኩ።

"ሰማህ አይደል?" አለችኝ። "አባቴ፣ አባ ሄሬጋው ራሱ፣ ያንቺ ዜማ ውኃ ያወጣል አለ።"

"ሰማሁ እንጂ የኔ ቆንጆ!"

"እንግዲያው እኔ ውኃውን አወጣሁልህ። ማጠራቀሚያው የታለ?"