የተሰቀለው እግሬ

ያለ መመሪያ የማይነቃነቅ የቢሮ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔን እዩኝ። ጂንካ ከተመደብኩ ወዲህ ከወንበሬ ያተረፍኩት ቦርጭና የወገብ ህመም ነው። ሀኪሙ ተንቀሳቀስ ቢለኝ በስልኬ የፒላተስ ስፖርት ቪዲዮ ከፍቼ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። አሰልጣኟ "እግራችሁን አንሱ፤ አውርዱ እስክላችሁ ጠብቁ" አለች። አነሳሁ። ኔትወርኩ ቆመ። እሷ እግሯን እንደሰቀለች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች፤ እኔም ወለሉ ላይ ደረቅሁ። አውርድ ሳይባል ማን ያወርዳል?

አከራዬ እማማ ማርታ በሩን ገፋ አድርገው አዩኝ።

"ልጄ፣ ምን ሆንክ? አውርደው እንጂ።"

"ገና አልተፈቀደልኝም፣ እማማ" አልኳቸው እየተንቀጠቀጥኩ።

"ማነው የከለከለህ?"

መልሴንም አልጠበቁ፤ "መንፈስ ይዞታል" ብለው የሰፈሩን የጸሎት እናቶች ይዘው ተመለሱ። እጃቸውን ጭነውብኝ ሲጸልዩ እግሬ ዝሎ ወደቀ። አለቀሱ፣ አመሰገኑ። እሁድ ቸርች ውስጥ ነፃ መውጣቴ ተመሰከረ።

ይኸው ቦርጬ ያድጋል፣ ወገቤም ብሶበታል። ሀኪሙ ዛሬም ተንቀሳቀስ ይለኛል። በየትኛው እግሬ? ከፍ ያደረግኩት ቀን እማማ ማርታ "ተመለሰበት" ብለው ሰፈሩን ይጠራሉ።