ለጃርት ገበጣ የተተከለው ዳስ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ብላችሁ የምትቀበሉኝ ከሆነ ቁጭ በሉ፤ የምትቸኩሉ ካላችሁም ቆማችሁ ስሙኝ፣ ብዙ አላስቆማችሁም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት የሰውን አመል ተምረው በጨረሱበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ገበጣ የማይወድ ፍጥረት አልነበረም። ክረምቱ አልፎ ሆድ ሲሞላና ሥራ ሲፈታ ሁሉም በየጥላው ሥር ተጎልቶ ጠጠር ሲያዞር ይውላል። እናቶች «ይህ ገበጣ ልጆቻችንን አበላሸብን» እያሉ ያማርሩና ልጆቹ ሲተኙላቸው ራሳቸው ይቀመጡበታል።

በገበያው ገበጣ ጠርበው የሚሸጡት ሦስት ነበሩ። አንደኛው አያ አንበሶ ነው። የእሱ ገበጣ ትልቅና ከባድ፣ ጎሽ ካልተሸከመው ከገበያ ቤት የማይደርስ ነበር፤ ሆኖም ከአንበሳ ፊት ቆሞ «አልገዛም» የሚል ደፋር ስላልነበረ ያለ ችግር ይሸጣል። ሁለተኛዋ እትዬ ኤሊት ናት። በብብት ተይዛ የምትዞር ትንሽዬ ገበጣ ትሠራለች፤ ትልልቆቹ እንስሳት «የልጅ መጫወቻ» ብለው ያሾፉባታል፣ ልጆቻቸው ደግሞ አልቅሰው ያስገዟቸዋል። ሦስተኛው አያ ጃርት ነው፤ ተረቱም የእሱ ነው።

አያ ጃርት ገበጣውን የሚፈለፍለው በገዛ እሾሁ ነበር። ጉድጓዶቹን ለማለስለስ ከጀርባው አንድ እሾህ ይነቅላል፤ እሱ ሲዶለዱምበት ሌላ ይነቅላል። ጥሩ ገበጣ በሠራ ቁጥር ጀርባው እየሳሳ ሄደ። ሚስቱ ጃርቲት ይህን እያየች፣ ጅብ የመጣ ቀን በምን ልትመክተው ነው እያለች ትነዘንዘው ነበር። እሱ ግን ያለቀለትን ገበጣ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ሲያይ ጅብ የሚባል ፍጥረት መኖሩንም ይረሳል።

ሦስቱም አንድ የንግድ ብልሃት ነበራቸው። የአንዱ ጠጠር በሌላው ጉድጓድ አይቀመጥም። የአንበሶ ጠጠር ድቡልቡል፣ የኤሊት ጠፍጣፋ፣ የጃርት ደግሞ ሾጠጥ ያለ ነው። ገበጣውን በርካሽ ይሰጡና ጠጠሩን በውድ ይሸጣሉ፤ አንዴ የአንበሶን ገበጣ የገዛ እስኪሞት ድረስ ከአንበሶ ጠጠር ሲሸምት ይኖራል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያማርራል፣ በሚቀጥለው ገበያም ሁሉም ይሰለፋል።

እመት ጦጢት ግን ገበጣ ሠርታም ተጫውታም አታውቅም። ሥራዋ ማን ወደ ገበጣው ንግድ እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ መተንበይ ነው። በየገበያው ቀን ዋርካው ላይ ትወጣለች፣ እንስሳቱም ፍራፍሬ ይዘው ከሥር ይሰበሰባሉ። ጃርት ልጅ ሳለ ጀምሮ «ዘንድሮ ኤሊት ትወጣለች» ስትል ኖራለች። ኤሊት ሳትወጣ ዓመቱ ሲያልፍም ጦጢት አታፍርም። ኤሊ አይደለች እንዴ፣ ለመውጣትም ጊዜ ይፈጅባታል ትላለች። ትንቢቱ ባይሰምርም ፍራፍሬው አይመለስም።

አንድ ቀን ጦጢት ወደ ገበጣው ንግድ አዲስ ገቢ እንዳለ አወጀች። ገቢው ዝሆን ነበር። ዝሆን የወንዙን መውረጃ በሙሉ የያዘ ጌታ ነው፤ ውሃ የሚጠጣ ሁሉ አንድ ነዶ ሣር ይሰጠዋል። ሣሩ ስለበዛበት ምን ላድርግበት ብሎ ሲያስብ ነው ገበጣ ትዝ ያለው። ወደ ዋርካው መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ንግግር አደረገ።

«ገበጣ መሸከም ከዛሬ ወዲያ ቀረ። እኔ ኮረብታው ላይ አንድ ታላቅ ገበጣ እዘረጋለሁ። እናንተ በየቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትፈልጉትን ጩኹ፤ እኔ በኩምቢዬ ጠጠሩን አዞርላችኋለሁ። የእናንተ ድርሻ ጠጠር መግዛት ብቻ ነው።»

ጫካው አጨበጨበ። ሚዳቋ ብቻ፣ አንድ ቀን እርስዎ ኮረብታውን ትተው ቢሄዱስ የገዛነው ጠጠር ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ዝሆን ቅጠል እስኪረግፍ ሳቀና፣ ዝሆን የሚያህል ነገር ወዴት ይሄዳል ብሎ መለሰላት። ሚዳቋም አፍራ ቀድማ ከገዙት አንዷ ሆነች። ጦጢት በበኩሏ ከእንግዲህ የሦስቱም ነገር አበቃ፣ ኤሊትም በዚህ ዓመት ያለ ጥርጥር ትወጣለች አለች።

አያ ጃርት ይህን ሰምቶ ወደ ጎሬው ሮጠ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ጃርቲት የምትልጠውን ሥር እንኳ አላስቀመጠችም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችው። «የማይጨብጡትን ገበጣ ምን ብለው ገዙት?»

እውነቷን ነበር፤ ግን እውነት ገበያ አያደራም። ድሮም ወደ ጃርት መደብ የሚመጡት እንስሳት ገበጣውን ደባብሰው፣ «እጅህ ይባረክ» ብለው፣ በሚቀጥለው ገበያ እንመለሳለን እያሉ የሚሄዱ ነበሩ። ጃርትም ያንን የሚቀጥለውን ገበያ በተስፋ ሲጠብቅ ኖሯል። ዝሆን ከገባ ወዲህ ግን የሚደባብስም ጠፋ። ጎተራው ባዶ፣ ጀርባው ራሰ በራ ሆነ። በመጨረሻ አንድ የገበያ ቀን መደቡ ላይ ቆመና ከእንግዲህ ገበጣ እንደማይሠራ ተናገረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጃርት በሕልሙም አላሰበው። ጫካው በለቅሶ ተናወጠ። ዝንጀሮ ደረቱን መታ፣ ጥንቸል ጆሮዋን ነጨች፣ አዞ እንኳ ከወንዙ ወጥቶ አለቀሰ፤ የአዞ ነገር የታወቀ ቢሆንም። ዋርካው ሥር ዳስ ተተከለ። የመጨረሻው የጃርት ገበጣ መሐል ላይ ተቀመጠና ጥቁር ቅጠል ለበሰ። አያ ጅቦ ንፍሮ መኖሩን አጣርቶ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ቁራም ሙሾ አወረደች፦

«የጃርትን ገበጣ ምን ወሰደው ብዬ፣
አንጀቴ ተቆርጦ ቀረሁ ተቃጥዬ።»

ጃርት እንደ ዋና ሐዘንተኛ ከዳሱ ጥግ ተቀምጦ «ያጥናህ፣ ያጥናህ» ሲባል ዋለ። አንዱ ተነሥቶ ስለ ጉድጓዶቹ ልስላሴ ይናገራል፣ ሌላው ተነሥቶ እንዲህ ያለ ገበጣ ዳግም አይፈጠርም ይላል። ዝንጀሮማ፣ ልጅነቴን የሰጠኝ ይህ ገበጣ ነው ብሎ ሕዝቡን አስለቀሰ። ጃርት መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ደነቀው፣ ከዚያ ልቡ ሞቀ። ይህን ያህል ይወዱኝ ኖሯል? እኔ ነኝ የቸኮልኩት እያለ ራሱን ይወቅስ ጀመር። ከዳሱ ሲወጣ ሁሉም እየተከተለ፣ ተመለስልን፣ ያለ አንተ ገበጣ ምኑን ኖርነው ይለው ነበር።

ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱ አልታወቀውም። ጃርቲትን እጇን ያዘና እንደገና እንደሚጀምር ነገራት። ለእንጨቱ የሚሰጠው ምንም ነገር ስላልነበረው ጎሬያቸውን ለከርከሮ ሊሰጥ አስቧል። ከርከሮ ጎሬውን ከተመኘው ቆይቷል፤ በለውጡም ጥሩ የዋንዛ ግንድ አዘጋጅቶ ደጅ ቆሞ ነበር። ግንዱ ገበጣ ሆኖ እስኪሸጥ ድረስ ባልና ሚስት በየቁጥቋጦው ሥር ሊያድሩ ነው፤ እሱም ጀርባው ተመልጦ፣ ጅብ ባለበት ጫካ።

ጃርቲት ከባሏና ከአልቃሾቹ ማን ሞኝ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ የፈለገች ትመስል ነበር።

«ጎሬውን ስጥ፣ አልከለክልህም» አለችው። «ከመስጠትህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። በሰልስቱ ሁሉም ከአንተ የገዛውን ገበጣ ይዞ ይምጣና አንድ ጊዜ አብረን እንጫወት። ለሙት እንኳ ልብሱን አውጥተው ያለቅሱለታል።»

ነገሩ ጃርትን ደስ አሰኘው። እንዲያውም ዳሱ ይጠበናል ብሎ ሰጋ። መልእክቱ በጫካው ተነገረ፤ ከርከሮም እስከ ሰልስት ይጠብቅ ተባለ።

በሰልስቱ ጃርት ማልዶ ዳሱን ጠረገ፣ የቀረውንም ሾጠጥ ያለ ጠጠር ሁሉ አውጥቶ በየቦታው ከመረ። እንስሳቱ መምጣት ጀመሩ። ዝንጀሮ ደረቱን እየመታ ደረሰ፤ በብብቱ የያዘው ግን የኤሊትን ገበጣ ነበር። ጃርት ሲያየው ዝንጀሮ፣ የአንተን በሚቀጥለው ገበያ ልገዛ ነበር አለ። ጥንቸል ዘወትር በሚዳቋ ገበጣ ትጫወት እንደነበር ተናገረች። ሚዳቋ ደግሞ የጥንቸል ነው ብላ ስትጫወትበት የኖረችው ያው ገበጣ የአንበሶ ሥራ እንደነበር ትዝ አላት፤ ተያዩና ሁለቱም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ጎሽ የአንበሶን ገበጣ ተሸክሞ መጣ፤ ጃርትንም፣ በዚህኛው ላይም ቢሆን አንተን እያሰብን እንጫወታለን ብሎ አጽናናው። ጦጢት ተንባይ ከገዛ ያዳላል ብላ ባዶ እጇን ዋርካው ላይ ወጣች። አያ ጅቦ በበኩሉ ስለ ገበጣ ምንም እንደማያውቅና የመጣው ለንፍሮው እንደሆነ በግልጽ ተናገረ። ከሁሉም የእሱ ቃል ለጃርት ቀለለው።

ጃርት በከመረው ጠጠር መሐል ብቻውን ቀረ። አፈረ። የሚያፍሩት እነሱ መሆን ሲገባቸው ያፈረው እሱ ነበር። በሕይወቱ ሙሉ የጠበቀው «የሚቀጥለው ገበያ» ያኔ ዐይኑ እያየ አለፈ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እትዬ ኤሊት መጣች። መርዶውን እንደሰማች ነበር የተነሣችው፤ የደረሰችው ገና አሁን ነው። ጀርባዋ ላይ አንድ ገበጣ ታስሯል። ስትፈታው የጃርት ሥራ ነበር። ጠርዙ በእጅ ብዛት ተልጓል፣ ጉድጓዶቹ ከአጠቃቀም ብዛት እንደ መስታወት ያበራሉ፤ ጠጠሮቹም አንድ ሳይጎድልባቸው በከረጢት ነበሩ።

ጃርት ገበጣውን እያገላበጠ አየው። «እትዬ ኤሊት፣ እርስዎ የራስዎ ገበጣ እያለዎት የእኔን ምን ሊያደርጉት ገዙት?» አላት።

«ልጫወትበት ነዋ» አለችው። «መጀመሪያ የገዛሁት በምን እንደምትበልጠኝ ልይ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ደስ አለኝ።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያለቅስለት ዐይኑ ያልረጠበው ጃርት ያኔ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ወጥቶ ከርከሮን፣ ግንድህን ይዘህ ተመለስ፣ ጎሬው አይሰጥም አለው። ኤሊት ለመመለስ ስትነሣ፣ ጃርት ጠጠር ቢሠራላት እንደምትገዛው ነገረችው። የእሱን ያህል ጠጠር የሚያለሰልስ በጫካው አላየችም። ገበጣ ሲሠራ የኖረ ጌታ የሌላውን ጉድጓድ ይሙላ መባሉ ጃርትን አመመው፤ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ጃርቲት የመጨረሻዋን እሾሁን ቆንጠጥ አደረገችለት፤ እሱም እሺ አለ።

ዳሱ ግን አልፈረሰም ነበር፤ ንፍሮ ሳያልቅ ዳስ አይፈርስም ብሎ አያ ጅቦ ተሟግቶ አስቀርቶታል። አለመፍረሱም በጀ። የኮረብታው ጨዋታ ከጅምሩ ችግር ነበረበት፤ ንፋስ ጩኸቱን ይበትነዋል፣ አንዱ ዛሬ የጮኸው ነገ ይዞርለታል፣ ተጫዋቹም ተራው እስኪደርስ ያረጃል። ዝሆንም ሰለቸው። አንድ ጠዋት ከእንግዲህ ጥላ ለመሸጥ እንዳሰበ ተናግሮ ከኮረብታው ወረደ። እንስሳቱ የገዙትን ጠጠር ሲወርድ ረገጠው። እሱ እንደሆነ ምንም አልጎደለበትም፤ የወንዙ መውረጃ አሁንም የእሱ ነው። ጫካው ግን ወዲያው ዳሱ ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። ቁራ ያችኑ ሙሾ በዝሆን ስም አወረደችው፣ ዝንጀሮም ልጅነቴን የሰጠኝ የኮረብታው ገበጣ ነው አለ።

ጦጢት ዋርካው ላይ ሆና አዲስ ትንቢት ተናገረች። ዝሆን ስለወጣ ቦታው ክፍት ነው፣ የሚገባውም ጃርት ነው፣ ኤሊት ግን ዘንድሮ ትወጣለች አለች። ሕዝቡም ተነሥቶ እየዘፈነ ወደ ጃርት ጎሬ ሄደ።

ጃርት ደጁ ላይ ተቀምጦ ለኤሊት ጠፍጣፋውን፣ ኋላ ላዘዘው ለአንበሶም ድቡልቡሉን ጠጠር እየሠራ ነበር። ጀርባው ላይ እሾህ መብቀል ጀምሯል። እየተጋፉ ከበቡትና፣ ተመለስልን፣ ያለ አንተ ገበጣ መሞታችን ነው፣ በዚህ ጊዜ እንገዛለን፣ ማርያምን! አሉት። ጃርት የያዘውን ጠጠር በክርኑ ወለወለና ቀና ብሎ አያቸው።

«ወዳጆቼ፣ ለለቅሶዬ ሞልታችሁ መጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። «ለገበያዬ የመጣችው ግን ተፎካካሪዬ ብቻ ናት። ለእናንተ ማልቀሻ ብዬ ሁለተኛ አልሞትም።»