በሞላሰስ የተለጠፈ ጎማ

በናዝሬት ከተማ የተነፈሰ ጎማ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ሰይቼንቶ መኪናዬ ውስጥ አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የቆርቆሮ ሣጥን ነበረኝ... መፋቂያው፣ ጠጋኝ ላስቲኩ፣ ማስቲሹ፣ ሁሉ ሙሉ ነው። ሳልፍ ያዩኝ ጎሚስታዎች ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር። ካላመናችሁ ተዉት።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እሑድ እሑድ መኪና የሚነዳው በታርጋ ተራ ነው። ተራዬ በደረሰበት እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ ወደ ወንጂ ተነሣሁ፤ ለራሴ ሚስት ሊጠይቁልኝ። ሚስት ፈላጊው በዚያ ቀን በዚያ ደጅ መታየቱ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ሌላ ሾፌር ከየት ይምጣ? እናም ተስማማን፦ እኔ የኪራይ ሾፌር ነኝ፣ አፌን አልከፍትም። በሚቀጥለው እሑድ የአንድ ካድሬ ሽማግሌዎች እዚያው ቤት እንደሚሄዱ ሰምተናል። ካድሬን ደግሞ ታርጋ አያግደውም። ዛሬ ካልደረስን አለቀልኝ።

የሸንኮራ አገዳው እርሻ መሃል ስንደርስ የኋላው ጎማ ተኛ።

የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ አወጣሁ። ሌላው ሰው ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል፤ እኔ ጉንጬን ብቻ አስጠግቼ ቀዳዳውን አገኘሁ። ማስቲሹን ስከፍተው ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ መሬቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ወንጂ ውስጥ አቧራ እንዳይነሣ መንገዱ ላይ ሞላሰስ፣ የስኳሩ ዝልግልግ አተላ፣ ይደፋል።

«ይህን ሁሉ አቧራ አንቆ የያዘ ነገር አንዲት ላስቲክ ታቅተዋለች?» አሉኝ።

እኔን ባለሙያውን አሳመኑኝ። ዝቄ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ፤ ለጥንቃቄ ብዬ ጎማውን ከውጭም ለቀለቅሁት። በፖምፓ ነፍቼ ስንነሣ የአካባቢው ንብ በሙሉ አብሮን ተነሣ። አላጋነንኩም፤ የቀሩት የታመሙት ብቻ ናቸው።

የልጅቱ አባት ኦቦ ቶሎሳ የስኳር ፋብሪካ ፎርማን ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው ያዩትን አስቡት... ጥቁር ደመና፣ በደመናው ውስጥ ጎማዋ የተኛ መኪና፣ ከመኪናዋ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚሮጡ ሦስት ሽማግሌዎች። ቤት ገብተን በር ዘጋን። ንቡ ሲበተን ኦቦ ቶሎሳ በገዛ እጃቸው ካላማዳሪውን አውጥተው ነፉና ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከሩት። የለጠፍኩት ቦታ ጸጥ ብሏል። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ከቫልቩ ነው።

«ይሄ ቀዳዳ የለውም» አሉ። «ቫልቩ ነው ያልጠበቀው። ማነው የነፋው?»

ልጅቷ በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች። አፌን ላልከፍት ተስማምቻለሁ፤ ስለ እጄ ግን ማንም ምንም አላለም። ጣቴን ወደ ጋሽ ደምሴ ቀሰርኩ።

ጋሽ ደምሴ ለአፍታ አተኩረው አዩኝ። «እኔ ነኝ» አሉ፣ «እርጅና ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። ጥፋቱን እንዲህ ሳያቅማማ የሚያምን ሽማግሌ የላከ ልጅ መጥፎ ሊሆን አይችልም ብለው ልጃቸውን ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ፤ ያንን ሾፌር ለሠርጉ እንዳያመጡት።

ጋሽ ደምሴ ያንን ጎማ በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ቫልቩን ሳላጠብቅ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ፤ ጠዋት ቤቴ ደጅ፣ ቀጥሎም አገዳው መሃል።