የመምህሩ አበባና የወይዘሮ የሺመቤት ወሰን

ሳይለመን የሚበቅል ነገር እኛ መንዞች አናምንም። ፍረዱን እንጂ፤ ገብሳችን እንኳ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ በዚያም ላይ ውርጭ እንዳይመታው ለታቦት ስለት ገብተንለት ነው በመከራ ነዶ የሚሆነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ተክል ማንም ሳይኮተኩተው ደስ ብሎት ሲንሰራፋ የታየ እንደሆነ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም። «ማን ላከው?» ብሎ ነው።

የላክሁት እኔ ነኝ። አሁን አርጅቻለሁና ብናዘዝም የሚከሰኝ የለም።

ሞላሌ ለማስተማር የተመደብሁት ገና አንድ ሙሉ ልብስና ብዙ ኩራት ብቻ በነበረኝ ዕድሜ ነው። አዲስ አበባ ያለ ባልንጀራዬ ከአንድ ፈረንጅ ግቢ የለቀመውን የአበባ ዘር በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ «ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም» አለኝ። ይህን ቃል ስለ ተክልም ሆነ ስለ ሰው ሲነግሯችሁ ጠርጥሩ። እኔ ግን አልጠረጠርሁም፤ ወስጄ በተከራየሁበት ቤት ጓሮ ዘራሁት።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ባላቸው የሞተባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን ወደ ራቤል አገር የዳሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ነበሩ። ዘሩን ስበትን ቆመው አዩኝና «ይበላል?» አሉኝ። አይበላም አልኋቸው። «ለከብትስ?» ለከብትም አይሆንም። «እንግዲያ እግዜር ይሁንህ» ብለው ገቡ።

አበባው በመጀመሪያው ዓመት አኮራኝ። ቅጠሉ ጸጉራም ነው፤ መሬት ላይ ተለጥፎ ይተኛል። ከመካከሉ ቀጭን አገዳ ይወጣና ጫፉ ላይ ፍም የመሰለ አበባ ይፈነዳል። ዛሬ ብርቱካንማ የምንለው ቀለም ነው፤ ያኔ ግን ብርቱካን ያየ ሰው ጥቂት ስለነበር ፍም ማለቱ ይቀላል። የገበያ ቀን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፤ እኔም በሆነ ባልሆነው ጓሮ ወጣ እል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ከመደቡ ወጥቶ መንገዱን ያዘ። አበባው ሳይበን ቁረጠው ብለው ወይዘሮ የሺመቤት መክረውኝ ነበር፤ ሰው እያየልኝ እንዴት ልቁረጠው? ኋላ ደንግጬ በመኮትኮቻ ሥሩን ስከታትፈው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ በቀለ። አንድ ጠላት ገድዬ አምስት ወለድሁ።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አበባው የጓሮውን ጫፍ አልፎ የአቶ ጥላዬ ገብስ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳችሁ። አቶ ጥላዬ የሟቹ ባል ወንድም ናቸው። በሁለቱ ርስት መካከል ካብ የለም፤ ያለው አንድ ክንድ የሚሆን የሣር ወሰንና በመካከሉ ተተክሏል የሚባል አንድ የወሰን ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ደግሞ በእኔ አበባ ተውጦ ጠፍቷል። ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ አረም ይባላል፤ ይታረማል፤ ያልቃል። እኛ ዘንድ ግን በሰው ርስት ላይ የበቀለ ተክል ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ተክል ደግሞ ነገ ምስክር ይሆናል። አቶ ጥላዬ ሽማግሌ ጠሩ። በሽማግሌ ካልሆነ ዳኛ ፊት እቆማለሁ፣ ከቆምሁ ደግሞ የምጠይቀው ወሰኑን ብቻ ሳይሆን የወንድሜን ርስት በሙሉ ነው አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ያንን መሬት የያዙት ለልጃቸው ነው። በዚያ ሳምንት የሴትዮዋን ቤት በጋዜጣ ቁራጭ አፍርሼ የምሄድ መሰለኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች በርኖሳቸውን ደርበው መጡና አበባው ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ዋናው መምሬ አስፋው ናቸው፤ በአጥቢያው ሁሉ ከማንም ጋር ተኳርፈው የማያውቁ ቄስ።

«መምሬ፣» አሉ አቶ ጥላዬ፣ «ዛሬ አበባ ነው፤ ነገ ጎመን ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ የአባቴ ነው ትላለች።»

እኔ ብድግ ብዬ፣ የዘራሁት እኔ ነኝ፣ ለዓይን ብዬ ነው አልሁ። ሽማግሌዎቹ በሐዘኔታ አዩኝ።

«የማይበላ ነገር ምን ሊሠራ ይዘራል?» አሉ አቶ ጥላዬ። «ወሰን ሊገፋ ነው እንጂ። መምህሩን ልጅ ነው ብላ መሣሪያ አደረገችው።»

መምሬ አስፋው ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ይነቀልና ድንጋዩ ይታይ።»

ሁላችንም ጎንበስ ብለን መንቀል ጀመርን። አብዛኛው አበባ ወደ ዘር ተለውጦ ስለነበር በነካነው ቁጥር እንደ ተባዘተ ጥጥ እየበነነ የሽማግሌዎቹ በርኖስ ላይ ያርፋል፤ ማንም ልብ አላለው። ድንጋዩን ፍለጋ ከወይዘሮ የሺመቤት ጓሮ ተነሥተን ወሰን ነው የተባለው ሣር ጋ ደረስን፤ የለም። ገብሱ ውስጥ ገባን። ድንጋዩ የተገኘው ሁለት ትልም ዘልቆ፣ በአቶ ጥላዬ ገብስ መካከል ነው። ድንጋዩን አልፈው ያረሱት አቶ ጥላዬ፣ የተገፋው ወሰን የሴትዮዋ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አቶ ጥላዬ ድንጋዩን እንጂ ሰው አያዩም።

«የሺመቤት፣ ታውቂ ኖሯል?» አሉ መምሬ።

«ካወቅሁ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የባሌ ወንድም ነው። የሟቹን ተዝካር ዳሱን የጣለልኝ፣ እንግዳውን ያስተናገደልኝ እሱ ነው። በሁለት ትልም ገብስ ከዘመድ ልጣላ?»

አቶ ጥላዬ ተነሥተው ከወይዘሮ የሺመቤት እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ይዘው መለሷቸው። እኔም ዞር ብዬ አለቀስሁ፤ ምን አሳፈረኝ።

ሁለቱ ትልም ተመለሰ። የዚያን ዓመቱን ገብስ ግን ሴትዮዋ «የደከመበት ይጨደው» ብለው ተዉላቸው። የአበባው ነገር ሲነሣ አቶ ጥላዬ ዘሩ ይጥፋ አሉ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ «ድንጋዩ ላይ ይቅር፤ ከእንግዲህ ከሩቅም ይታያል» አሉ። መምሬም አማካዩን ፈረዱ፦ አበባው ወሰኑ ላይ አንድ ክንድ ስፋት ይዞ ይኑር፣ ሁለቱም ወገን ወደየራሱ የሚመጣውን ይንቀል።

ተታረቁ። እርቁ እውነተኛ ነበር፤ ግን ሰው ናቸውና ዓይናቸው ከወሰኑ አልተነሣም። አቶ ጥላዬ በየጠዋቱ ብቅ ብለው ወደ እሳቸው ያለፈችውን ይነቅላሉ፤ ወይዘሮ የሺመቤትም በየማታው ወደ እሳቸው የመጣችውን። እኔ በመኮትኮቻ ያልቻልሁት አበባ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲህ ያለ ተክል ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ መድኃኒቱን በነጻ ልንገራችሁ፦ በግራና በቀኙ ሁለት የማይተማመኑ ጎረቤቶች አኑሩ።

በዓመቱ መስከረም ላይ መምሬ አስፋው አስጠሩኝ። ግቢያቸው ስደርስ ከደጁ እስከ ጎተራው ፍም ሆኗል፤ በካቡ አልፎም የጎረቤቶቻቸውን ጓሮ ሁሉ ይዟል። በዚያን ቀን በርኖሳቸውን ያራገፉት እዚያው ደጃቸው ላይ ኖሯል። ከጎረቤቶቻቸው አንድም ሰው አልተቆጣ፤ አንድም ሰው አልነቀለም፤ የመምሬ ነው ብለው በአክብሮት ትተውታል። መምሬ በአበባው መካከል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አዩኝ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «እኔስ ከማን ልጣላ?»